ጓያ፣ ቺፕና ማስ ስፔክትሮሜትር፦ ከደሴ የተነሳ ጥያቄና የመጡለት መልሶች

ሰላም ለሁላችሁም። ደሴ ነው ያለሁት። ሥራዬ የምግብ ኬሚስትሪ ነው። ዛሬ ስለ ጓያ ልጠይቃችሁ ነው፤ መንገዱ ትንሽ ስለሚዞር ታገሱኝ።

ጓያ ውስጥ ቤታ-ኦዳፕ የሚባል መርዝ አለ። ሰው ጓያን ለወራት ዋና ምግቡ ሲያደርገው እግሩን የሚያስረው እሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ወሎ ውስጥ ደላንታና ዳውንት ላይ በጓያ ሰበብ በብዙ ሰው እግር የደረሰውን የሚያውቅ ሰው ይህን ነገር አቅልሎ አያየውም። ኬሚስቱን የሚያስቸግረው ግን ሌላ ነው። ቤታ-ኦዳፕ አልፋ-ኦዳፕ የሚባል ኢሶመር አለው። ሁለቱም የተሠሩት ከአንድ ዓይነት አተሞች ነው። ሞለኪውላዊ ክብደታቸውም አንድ ነው፤ 176። የሚለያዩት አንዷ ክፍል በተያያዘችበት ቦታ ብቻ ነው። የአልፋው መርዛማነት ከቤታው እጅግ ያነሰ ነው። ጓያ ሲቀቀል ደግሞ ከቤታው የተወሰነው ወደ አልፋ ይለወጣል። እንግዲህ ንፍሮው ውስጥ ስንት መርዝ ቀረ ብሎ ለሚጠይቅ ሰው ሁለቱን ሳይለዩ መልስ መስጠት አይቻልም።

ማስ ስፔክትሮሜትር የሚለካው ክብደትን ነው። ለእሱ አልፋም ቤታም አንድ ናቸው። ስለዚህ ወደ መሣሪያው ከመግባታቸው በፊት የሚለያቸው ነገር ያስፈልጋል። ዓይኔን የጣልኩት ማይክሮፍሉዲክ ቺፕ ላይ ነው። ትንሽ መስታወት ላይ 50 ማይክሮሜትር የሚሰፋ ቦይ ይቀረጻል። ከጫፍ እስከ ጫፍ ቮልቴጅ ሲሰጠው ሞለኪውሎቹ እንደ ቻርጃቸውና እንደ መጠናቸው ተቀዳድመው ይወጣሉ። ጫፉ ላይ በኤሌክትሮስፕሬይ፣ ማለትም በቮልቴጅ ኃይል ቻርጅ ያላቸው ደቃቅ ጠብታዎች ሆነው፣ ይረጩና ወደ ማስ ስፔክትሮሜትሩ ይገባሉ። የእኔ አቋም እንዲህ ነው፦ ለበሰለ ጓያ ይህ ጥምረት ትክክለኛው መሣሪያ ነው፤ ወሎም ሊጠቀምበት ይገባል። የሞከራችሁ ካላችሁ ምን ትላላችሁ?

የውይይቱ ክር ስለረዘመ አዲስ የሚገባ ሰው እንዳይጠፋበት የመጡትን መልሶች ከዚህ በታች በራሴ አነጋገር አስቀምጫቸዋለሁ።

መልስ 1 የጻፉት አንድ የዩኒቨርሲቲ መምህር ናቸው። እንደ አባት ነው የሚያስረዱት። እ.ኤ.አ. በ1990 አንድሬያስ ማንዝና ባልደረቦቹ ስዊዘርላንድ ሆነው ሙሉ ኬሚካላዊ ትንተናን አንድ ትንሽ መሣሪያ ላይ የማሳነስን ሐሳብ እንዳቀረቡ ነገሩን። በ1997 ደግሞ አሜሪካ ውስጥ ከመስታወት ቺፕ ጠርዝ ላይ በቀጥታ ወደ ማስ ስፔክትሮሜትር መርጨት ተቻለ። ኤሌክትሮስፕሬይን ለትልልቅ ሞለኪውሎች ያበቃው ጆን ፌን የ2002ን የኬሚስትሪ ኖቤል እንደወሰደም ጨመሩ። ከሁሉም የወደድኩላቸው ግን ቺፑና ኤሌክትሮስፕሬዩ ለምን እንደሚስማሙ የገለጹበትን ነው። ቺፑ የሚያወጣው በደቂቃ በናኖሊትር የሚለካ ፈሳሽ ነው። ኤሌክትሮስፕሬይም የሚወደው ትንሽ ፍሰት ነው። ጠብታዎቹ ሲያንሱ ቶሎ ይተናሉ፤ ከናሙናው ብዙው አዮን (ቻርጅ ያለው ቅንጣት) ሆኖ ይገባል፤ ጨው የሚያደርሰው ጉዳትም ይቀንሳል።

መልስ 2 ከወልድያ የመጣ ምስጋና ነው። መልስ 3 ናኖሊትር ስንት ነው ብላ የጠየቀች ተማሪ ናት። ጥሩ ጥያቄ ነው። መልስ 4 በሒሳብ አሳያት። 50 ማይክሮሜትር የሚሰፋ፣ 20 ማይክሮሜትር የሚጠልቅ፣ 5 ሴንቲሜትር የሚረዝም ቦይ የሚይዘው 50 ናኖሊትር ብቻ ነው። ከጠብታ መጣያ የምትወርድ አንዲት ጠብታ 50 ማይክሮሊትር ገደማ ናት። ስለዚህ አንዷ ጠብታ እንዲህ ያለውን ቦይ ሺህ ጊዜ ትሞላዋለች። ተማሪዋ በመልስ 5 ታዲያ ከአንድ ጓያ ፍሬ ስንት ጊዜ መለካት ይቻላል አለች። ማንም አልመለሰላትም። እኔ ልመልስላት፦ ቺፑ ከፈቀደ አንዷ ፍሬ ከበቂ በላይ ናት። አንድ ፍሬ ግን አንድን ማሳ አይወክልም። ከጆንያው ከተለያየ ቦታ ተዘግኖ፣ አብሮ ተፈጭቶ፣ ከዱቄቱ ነው የሚወሰደው።

መልስ 6 መምህሩን በትሕትና አረማቸው። የ2002ን ሽልማት ፌን ብቻውን አልወሰደም። ጃፓናዊው ኮይቺ ታናካ በሌዘር መንገዱ፣ ኩርት ቩትሪች ደግሞ የሞለኪውልን ቅርጽ በማግኔት በሚያሳየው የኤንኤምአር ሥራው አብረውት ተሸልመዋል። መምህሩ ወዲያው አመሰገኑት።

መልስ 7 ቺፕ በእጁ ሠርቶ የሚያውቅ ልጅ ነው። ብዙ ሰው የሚጀምረው ፒዲኤምኤስ በሚባለው ጎማ መሰል ሲሊኮን ነው። ርካሽ ነው፤ ሻጋታ ላይ ፈስሶ ይደርቃል፤ መስታወት ላይም ይጣበቃል። ማስ ስፔክትሮሜትር ላይ ሲገጠም ግን ጣጣው ይመጣል። ልጁ የገለጸው ስክሪን አሁንም ይታየኛል። ናሙና ሳይገባ፣ ንጹሕ ሶልቨንት (ማሟሚያ ፈሳሽ) ብቻ እየፈሰሰ፣ ሰልፍ የያዙ ፒኮች፣ ማለትም በየክብደታቸው ቁጥር ላይ የሚቆሙ ሹል መስመሮች፣ ይነሳሉ፤ 371፣ 445፣ 519። ልዩነታቸው ሁልጊዜ 74 ነው። 74 የሲሊኮኑ አንድ ቁራጭ ክብደት ነው። ጎማው እየለቀቀ ነው ማለት ነው። ከዚያም ሌላ፣ ዘይት ወዳድ የሆኑ ትንንሽ ሞለኪውሎችን ራሱ መጥጦ ያስቀራል። ምክሩ አጭር ነው፦ ለዚህ ሥራ መስታወት ወይም ፖሊኢማይድ የሚባለው ፕላስቲክ። መልስ 8 አንድ ነገር አከለበት። 371ም 445ም ከላብራቶሪ አየር ሊመጡ ስለሚችሉ ቺፑን ከመኮነን በፊት ያለ ቺፕ መርጨትና ማየት ያስፈልጋል። ልክ ነው። እንዲህ ያለ ማሟያ ነው ክርን ክር የሚያደርገው።

መልስ 9 ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ለእኔ የክሩ እምብርት እሱ ነው። የጻፈችው ካፒላሪ ኤሌክትሮፎረሲስ ላይ፣ ማለትም በቀጭን ቱቦ ውስጥ ሞለኪውሎችን በቮልቴጅ በመለየት ላይ፣ የምትሠራ ባለሙያ ናት። ሰዎች ስለ ቺፑ ያወራሉ፣ ስለ ማስ ስፔክትሮሜትሩም ያወራሉ፤ ሥራውን የሚያፈርሰው ግን መጋጠሚያው ነው አለች። ቦዩ የሚይዘው 50 ናኖሊትር ከሆነና መጋጠሚያው ላይ 200 ናኖሊትር የሚይዝ ባዶ ቦታ ካለ፣ ስንት ተለፍቶ የተለያዩት ኢሶመሮች እዚያ ገብተው እንደገና ይቀላቀላሉ። አቦሉንና ቶናውን ለይተው አፍልተው መልሰው አንድ ጀበና ውስጥ እንደመገልበጥ ነው።

ቀጥላ የመርጫውን ጫፍ ነገረችን። ከጠፍጣፋ የመስታወት ጠርዝ ላይ ሲረጭ ፈሳሹ መስታወቱን ስለሚወድ ጠርዙን ይዞ ይንሸራተታል። ጠብታው ይተልቃል፤ መርጨቱ ይቀርና መንጠብጠብ ይሆናል። ለዚህ ነው በኋላ የመጡት ቺፖች ጫፋቸው የሾለው። ገበያ ላይ ከወጡት አንዱ፣ አጂለንት የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2005 ያወጣው፣ ከፖሊኢማይድ የተሠራ ነው። መለያ ኮለሙም መርጫ ጫፉም እዚያው ቺፑ ላይ ናቸው፤ በእጅ የሚገጠም ቱቦ በመሃል የለም። በደህና ጊዜ በካሜራ ሲታይ ጫፉ ላይ ትንሽ ሾጣጣ ቅርጽ ይቆማል። ከአፉ ጭጋግ ይወጣል። የአዮን ከረንቱም ቀጥ ብሎ ይሄዳል። መስመሩ መዝለል ከጀመረ ቁጥሩን አትመኑ፤ መጀመሪያ ጫፉን እዩ።

መልስ 10 ወደ ባፈር፣ ቦዩ ውስጥ ወደሚሞላው ፈሳሽ፣ ወሰደን። ኤሌክትሮፎረሲስ የለመደ ሰው እጁ የሚሄደው ወደ ፎስፌት ወይም ቦሬት ነው። ሁለቱም አይተኑም። ጫፉን ይደፍናሉ፣ የመሣሪያውን መግቢያ ያቆሽሻሉ፣ አዮኑንም ያፍናሉ። ፎርሚክ አሲድ ወይም አሞኒየም አሲቴት መጠቀም ነው። ናሙናውም ቦዩን እንዳይዘጋ በ0.2 ማይክሮሜትር ማጣሪያ ይለፍ አለ። የጓያ ዱቄት ያጣራ ሰው ይህን ምክር በሁለት እጁ ይቀበላል።

መልስ 11 በጣም ነው ያስደሰተኝ፤ የእኛን አገር አየር ያሰበ የመጀመሪያው ሰው ነውና። ጦሳ ተራራ ሥር የተቀመጠችው ደሴ ከባሕር ወለል 2,500 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች። የአየር ግፊቷ የባሕር ወለሉን ሦስት አራተኛ ያህል ነው። አየር ሲሳሳ ኤሌክትሪክ ቶሎ ይሰብረዋል። ስለዚህ የውጭ አገር ማኑዋል ላይ የተጻፈውን የመርጫ ቮልቴጅ እንዳለ ከወሰድን ከመርጨት ይልቅ ብልጭታ ልናገኝ እንችላለን። መልስ 12 አለዘበው። በናኖሊትር ፍሰት የሚፈለገው ቮልቴጅ ዝቅ ያለ ስለሆነ ስጋቱ ይቀንሳል፤ አሉታዊ አዮን በሚለካበት ጊዜ ግን ከፍ ይላል። ሁለቱም ልክ ናቸው። ቮልቴጁን እዚሁ፣ ከዝቅተኛው ጀምሮ ቀስ እያሉ መፈለግ ነው።

እስከዚህ ድረስ ክሩ ጨዋ ነበር። በመልስ 13 ተቀየረ። ጸሐፊው መብራት ያነሳል። ማስ ስፔክትሮሜትር ቀን ከሌት ቫኪዩም ይፈልጋል። መብራት ሲጠፋ ፓምፑ ይቆማል፤ ቫኪዩሙን መልሶ ለማግኘት ሰዓታት ይሄዳሉ፤ አንዳንዴም ሌሊቱን ይፈጃል። መሣሪያው የሚፈልገው የናይትሮጅን ጋዝስ? መለዋወጫውስ? ዋጋው በመቶ ሺዎች ዶላር የሚቆጠር ዕቃ አንድ ክፍል ውስጥ አቧራ እንዲጠጣ ነው ወይ የምትፈልጉት ብሎ ቆረጠው። መልስ 14 ደግሞ ከዚያ ባሰ። ሰው ጓያ የሚበላው ሌላው እህል በድርቅ ሲከዳው ነው፤ ችግሩ ሌላ እህል ማጣት ሆኖ ሳለ ስለ ናኖሊትር ማውራት በሰው እግር ስም ማውጣት ነው አለ። ከዚያ በኋላ ሁለት ሦስት ሰው የማይደገም ቃል ተለዋወጠ። እሱን አልፈዋለሁ።

እኔ በመልስ 18 ተመለስኩበት። ጓያ ድርቅንም ውሃ የተኛበትን መሬትም ይችላል። ገበሬው የሚዘራው ሞኝ ስለሆነ አይደለም፤ የመጨረሻ ዋስትናው ስለሆነ ነው። ሌላ እህል ሲኖር መርዙ አያሰጋም፤ ይህ እውነት ነው። ሌላ እህል በሌለበት ወር ግን አንዲት እናት ድስቱን ጥዳ ስንት ሰዓት ልቀቅለው፣ ውሃውን ልድፋው ወይስ ልተወው፣ ለልጆቼ ንፍሮ ይሻላል ወይስ ቂጣ ብላ ብትጠይቀኝ በእርግጠኝነት የምሰጣት ቁጥር እፈልጋለሁ። ያ ቁጥር አልፋና ቤታን ሳይለዩ አይገኝም። ጥያቄዬ ከመሣሪያ ፍቅር የመጣ አይደለም።

መልስ 19 የጻፉት ወገል ጤና አካባቢ የሠሩ የጤና ባለሙያ ናቸው። ጠቡን ያበረዱት እሳቸው ናቸው፤ አብሽሩ ብለው ነው የጀመሩት። ጓያ የሰበረውን ሰው ከሩቅ በአረማመዱ እንደሚለዩት ጻፉ። ጉልበቶቹ ይጠላለፋሉ፤ በጣቶቹ ጫፍ ይራመዳል፤ ምርኩዝ ይይዛል። አንድ ወጣት ጤና ጣቢያ በር ላይ አውልቆት የገባውን የፕላስቲክ ጫማ አይተዋል። ፊቱ በልቶ ተቀድዷል፤ ተረከዙ ግን የተገዛ ዕለት እንደነበረው ነው። ብዙ ጊዜ የሚጠቁት ወጣት ወንዶች ናቸው። ከዚያም እዚያው ደላንታና ዳውንት የተደረገውን ጥናት ጠቀሱ። በንፍሮና በጥሬ እሸት መልክ መብላት አደጋውን ከፍ ያደርገዋል። ከእህል ጋር መቀላቀልና ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል ባለው ወጥ መብላት ዝቅ ያደርገዋል። እና የጠየቁን ነገር፦ የእያንዳንዱን አበሳሰል ቁጥር አምጡልኝ፣ እናቶችን ሰብስቤ የምነግራቸው ነገር ይኑረኝ። ከዚህ በኋላ 14ኛው ሰውዬ አልተመለሰም።

ቀጥሎ ክሩ ትንሽ መስመሩን ሳተ። መልስ 20 የሚሰብረው የጓያው እንፋሎት ነው፤ አያቴ ጓያ ሲቀቀል ከቤት ታስወጣን ነበር አለች። መልስ 21 ገለባው ላይ የተኛም ይሰበራል አለ። መልስ 22 ሁለቱን ተቆጣቸው፤ በ2000ዎቹ እንዲህ ይወራል ወይ ዓይነት ንግግር ነበር። ቁጣው አላስፈለገም። ይህ እምነት በብዙ የጓያ አገር አለ። በሰው ዘንድ ጓያና ሽባነት መገናኘታቸው የታወቀው ኬሚስት ሳይመጣ ነው፤ የተሳተው በየት በኩል እንደሚገባ ብቻ ነው። ቤታ-ኦዳፕ የሚገባው በአፍ፣ ከምግቡ ጋር ነው። በእንፋሎት አይመጣም። መልስ 23 ደግሞ እናቷ ጓያን አሳድራ ዘፍዝፋ ውሃውን ትደፋ እንደነበር ጻፈች። ይህ ግሩም ነው። ኦዳፕ ውሃ ውስጥ ስለሚሟሟ ከመርዙ ጥሩ ድርሻ ከውሃው ጋር ይሄዳል። ከዚያ ስለ ጓያ ሽሮ ጣዕም አራት መልስ ሄደ። የደላንታ ሰዎች አሸነፉ።

ወደ ቁም ነገሩ የመለሰን መልስ 28 ነው። ለምን እንደዚህ ትለፋላችሁ አለ፤ ኦፒኤ በሚባል ኬሚካል ኦዳፕን በቀለም የሚለካው ዘዴ እ.ኤ.አ. ከ1978 ጀምሮ አለ። ናሙናው በአልካሊ ይፈላል፣ ኦዳፑ ይሰበራል፣ ኦፒኤ ሲጨመር ቢጫ ይሆናል፣ በ420 ናኖሜትር ይነበባል። ቀለሙን በብርሃን የሚለካ ተራ ስፔክትሮፎቶሜትር ይበቃል። መልስ 29 ተቃወመው፦ አልካሊው አልፋውንም ቤታውንም አንድ ላይ ይሰብራል፤ የመጀመሪያውን ጥያቄ አላነበብክም ማለት ነው። ንግግሩ ሻካራ ነበር፤ ነጥቡ ግን ትክክል ነው። መልስ 30 ላይ የካፒላሪዋ ባለሙያ ተመልሳ ሁለቱን አስታረቀች። በጥሬው ደረቅ ፍሬ ውስጥ ካለው ኦዳፕ ውስጥ 95 በመቶ ገደማው ቤታ ነው። ስለዚህ ለጥሬው ኦፒኤ ይበቃል፤ ማስ ስፔክትሮሜትር ማስጨነቅ አያስፈልግም። እሳት የነካው ላይ ግን ኦፒኤ ያታልላል። ቤታው ወደ አልፋ ቢለወጥም ድምሩ ስለማይቀንስ መቀቀል ምንም አልጠቀመም ያሰኛል። ቺፑ የሚያስፈልገው እዚያ ላይ ነው።

መልስ 31 የወረቀት መርጫን አነሳ። ሦስት ማዕዘን ሆኖ የተቆረጠ ወረቀት ላይ ናሙና ይደረጋል፣ ሶልቨንት ይጨመራል፣ በኪሎቮልት የሚቆጠር ቮልቴጅ ይሰጠዋል፣ ከሹሉ ጫፍ ይረጫል። እ.ኤ.አ. በ2010 ከፐርዱ ዩኒቨርሲቲ የወጣ ዘዴ ነው። ርካሽ ነው፤ ለደረቀ የደም ጠብታም ተፈትኗል። ለኛ ጥያቄ ግን፣ መልስ 32 እንዳለው፣ ወረቀቱ መንገድ ላይ ኢሶመሮቹን አይለያቸውም። ሁለቱም በ177 አንድ ፒክ ሆነው ይመጣሉ፤ 177ቱ 176ቱ ላይ አንድ ፕሮቶን ሲጨመር ነው።

መልስ 33 ከኮምቦልቻ ነው። ይህ ሁሉ ዕውቀት ካለ ለምን ወደ ቦርከና የሚገባውን የቀለም ፍሳሽ አትለኩበትም አለ። ከርዕሳችን ይወጣል፤ ጥያቄው ግን ተገቢ ነው። የጨርቅ ቀለሞች ብዙዎቹ ቻርጅ ስላላቸው በኤሌክትሮፎረሲስ ይለያሉ። ለብቻው ክር እንዲከፍትለት ጠይቄዋለሁ፤ ከከፈተ እኔም እገባበታለሁ።

መጨረሻ ላይ የተስማማንበት ሥራ በመልስ 34 ተጻፈ። የጤና ባለሙያው ከደላንታ፣ ሌላ ሰው ደግሞ ከመቅደላ ጥሬ ጓያ ይልካሉ። ጥሬውን ደሴ ላይ በኦፒኤ እናየዋለን። ከፍ ካለው ላይ ንፍሮ፣ ቂጣና ሽሮ ይሠራል፤ የተዘፈዘፈም ያልተዘፈዘፈም። የበሰለው ይቀዘቅዝና ማስ ስፔክትሮሜትር ወዳለበት አዲስ አበባ ይላካል። የሚፈለገው ጥቂት ስለሆነ መላኩ አይከብድም። የ13ኛው ሰውዬ የመብራት ጥያቄ እዚህ ላይ መልስ አገኘ፤ ለጊዜው መሣሪያውን ወደኛ ማምጣት አያስፈልግም። እሱም ከሆነ እስማማለሁ ብሎ ጽፏል።

መልስ 35 የመጀመሪያው መምህር ናቸው። ናሙና የምታዘጋጁ ልጆች አደራ አሉ። ዱቄቱን በሙቅ ፈሳሽ እንዳታወጡት። ሙቀቱ ራሱ ቤታውን ወደ አልፋ ስለሚለውጠው የምትለኩት ድስቱን ሳይሆን የራሳችሁን ምድጃ ይሆናል። በቀዝቃዛ 60 በመቶ ኢታኖል አውጡ፣ አጣሩ፣ እስኪለካ ድረስ ፍሪዘር ውስጥ ይቆይ። እያንዳንዱ ከረጢት ላይ ቦታው፣ የተዘፈዘፈበት ሰዓትና የተቀቀለበት ሰዓት ይጻፍ።